የተርጓሚው ቀጭን ድምፅ

ኢንሳፍ የደጊቱን ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ስትሻገር አብዱልሀፊዝ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ለምን እንደተነሳ ግን ራሱም ስላላወቀው መልሶ ተቀመጠ።

"እንደምን ዋልክ" አለችው።

"ደኅና" አለ። ድምፁ ለራሱም በቅጡ አልተሰማውም።

ፊቱን አላየችውም። ዓይኗ ያረፈው ከትከሻው በላይ፣ ከጣሪያው የወረደ ዝናብ ካጠቆረው የግድግዳ ጥግ ላይ ነበር። ሰው ቤት እንደመጣች እንግዳ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች። ከዚህ በፊት ሲያወራት ሳቋን በሻሿ ጫፍ እያፈነች የምታዳምጠው ልጅ ወዴት እንደሄደች አብዱልሀፊዝ ያውቃል። ያባረራት እሱ ነው።

"የላከኝ አባቴ ነው" አለች ወደ ደጊቱ ዞራ። "የፊልሙ ቋንቋ ሌላ ሆነባቸው፣ እንግሊዝኛውን አንብቢላቸው ብሎኝ ነው።"

"እሰይ የኔ ልጅ፣ ወደ ውስጥ ግቢ እንጂ" አለች ደጊቱ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ደጊቱ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ነገር የማያልፋት ሴት ናት። "ይሄ ጉደኛ ተርጓሚ ሊያዋርደኝ ነበር። ጋሪ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኜ ዳንግላን ሙሉ ካስለፈፍኩ በኋላ፣ እትዬ አንድም ቃል አልገባኝም ብሎ አይመጣም? ህንድ አይደለም ወይ ብለው፣ ህንድ ነው፣ ግን ሌላ ህንድ ነው አለኝ።"

የኢንሳፍ ከንፈር ፈገግታ ጀመረና ተወው።

አብዱልሀፊዝ በዳንግላ የታወቀ የህንድ ፊልም ተርጓሚ ነው። ሂንዲን ማንም አላስተማረውም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚሁ በደጊቱ አግዳሚ ላይ ተጎልቶ በጆሮው የለቀመው ነው። ከስክሪኑ አጠገብ ማይክ ይዞ ይቀመጥና ፊልሙ እየሄደ ሽፍታውንም፣ ፖሊሱንም፣ እናቲቱንም፣ ሙሽሪትንም እሱው ሆኖ ያወራል። በየሰው እጅ ስልክ ሲገባ ሌሎቹ ቪዲዮ ቤቶች ተዘጉ፤ የደጊቱ ሳይዘጋ የቀረው ሰው የሚመጣው አብዱልሀፊዝን ለመስማት ስለሆነ ነው። ለወንዶቹ ከሆዱ የሚያወጣው፣ በርሜል ውስጥ ድንጋይ የሚንከባለል የሚያስመስል ወፍራም ድምፅ አለው። ለሴቶቹ ደግሞ ቀጭን ድምፅ አለው፤ በዚህኛው ሰው ይስቃል። ከተማው የማያውቀው ነገር ቢኖር የተፈጥሮ ድምፁ ቀጭኑ መሆኑን ነው። ገበያ ሲወጣም፣ ሰው ሰላም ሲለውም፣ ወፍራሙን እንደ ካፖርት ይደርበዋል። ሲፈራ ደግሞ የባሰውን ያወፍረዋል።

ይህኛው ፊልም የደቡብ ህንድ ሰዎች በማላያላም ቋንቋ የሠሩት፣ እንግሊዝ አገራቸውን ይገዛ በነበረበት ዘመን ስለታሰሩ የነጻነት ታጋዮች የሚተርክ ነው። ዳንግላ ራሷ ዙሪያዋ አገውኛ፣ ገበያዋ አማርኛ የሆነች ከተማ ሆና ሳለ፣ ህንድ ላይ ሲደርስ ግን አገሩ ሁሉ አንድ ቋንቋ የሚናገር መስሏት ኖራለች። ደግነቱ ከሥር እንግሊዝኛ ተጽፎበታል። ችግሩ፣ አብዱልሀፊዝ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ የጋሪ ነጂ ልጅ ነው። እንጅባራ ድረስ ሄዳ እንግሊዝኛ ተምራ የተመለሰችው የሐጂ ሙሐመድሰዒድ ልጅ ኢንሳፍ ናት።

ሐጂ ሙሐመድሰዒድ በዋናው መንገድ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ላይ እንኳ ቆመው የማያውቁ ሰው ናቸው። ይህን ፊልም ግን ማየት ፈለጉ። ልጅ ሳሉ ሒሳብ ያስተማሯቸው ሚስተር ኮሺ የሚባሉ መምህር ከዚያ አገር የመጡ ነበሩ። አጎታቸው በእንግሊዝ እስር ቤት ውስጥ መሞታቸውን ለተማሪዎቻቸው ሲነግሩ ጠመኔው እጃቸው ላይ ተሰብሮ እንደነበር ሐጂ እስከ ዛሬ ያወራሉ።

"በትክክል ይተርጎም" አሉ ለደጊቱ። "ልጄን እልካለሁ። ያ ተርጓሚሽ ከልጄ ጋር ምንም የለውም፤ ጠይቄው ነግሮኛል።"

ደጊቱ ይህን ስትነግረው አብዱልሀፊዝ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዛሬ ከኢንሳፍ ጎን ያስቀመጠው፣ ኢንሳፍን የካደበት ያ ቃል ነው።

* * *

የተዋወቁት ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚመጣ አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ከሾፌሩ በላይ የተሰቀለው ስክሪን የህንድ ፊልም ያሳያል፤ ድምፁ ግን ተበላሽቷል። ከተሳፋሪው አንዱ አወቀውና "አብዱል፣ ዝም ብለህ ከምትቀመጥ ተርጉምልን እንጂ" አለው። ጀመረ። ፊልሙን ከዚያ በፊት ስላየው በቃሉ ያውቀዋል። ወንዱ ሲናገር ሰው ሁሉ ወደ ስክሪኑ አየ። ሴቲቱ ስትናገር ግን ከፊቱ ወንበር የተቀመጠች ባለ አረንጓዴ ሻሽ ልጅ ወደ እሱ ዞረች። ሌላው ሲስቅ እሷ አልሳቀችም።

ሲወርዱ "የሴቶቹ ድምፅ ያንተ ነው አይደል?" አለችው። "ሌላው ሁሉ የተለበሰ ነው። ያስታውቃል።"

ከዚያ በኋላ ፊልም ላመጣ ነው እያለ እንጅባራ የሚመላለስበት ምክንያት በዛ። ፍቅሩን ነግሯት ያውቃል፤ ግን ሁልጊዜም በፊልም አፍ ነው። አንዳንዴ በሽፍታው፣ አንዳንዴ ግመል ላይ በተቀመጠው ልዑል፣ አንዳንዴ ሊሰቀል በሚወሰደው ጀግና ድምፅ። በመጀመሪያ ትስቅ ነበር። እየቆየ ሳቋ አነሰ።

"አንድ ቀን እንኳ በራስህ ድምፅ በለኝ" አለችው፣ ትምህርቷን ጨርሳ የተመለሰች ሰሞን።

ሞከረ። የወጣው ግን የሽፍታው ድምፅ ነው። የራሱ ቀስ እያለ ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ ሐጂ ሱቃቸው አስጠሩት።

"ከልጄ ጋር ስትታይ ሰዎች ነግረውኛል" አሉት፣ መነጽራቸውን አውልቀው። "እኔ ከሰው አፍ ማመን አልወድም። ካንተው ልስማው። ምን አላችሁ?"

አለን ቢል ነገ ኢንሳፍ ከቤት አትወጣም፤ ስሟም በገበያው ይዞራል። ፈራላት። ለራሱም ፈራ። ወፍራሙን ድምፅ ከሆዱ አወጣ። "ምንም የለንም ሐጂ" አለ። "እንደ እህቴ ነው የማያት።"

ከጣቃዎቹ ጀርባ ጨርቅ ሲቆርጥ ይሰማ የነበረ መቀስ ቆመ።

ማን ይቆርጥ እንደነበረ ያወቀው ያኔ ነው። መቀሱ እንደገና እስኪጀምር የቆየው ጊዜ እስከ አሁን ደረቱ ውስጥ አላለቀም።

እና አሁን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መሀላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ አለ። እሷ እንግሊዝኛውን እያነበበች በአማርኛ ትነግረዋለች፤ እሱ እንዴት እንደሚለው ያሰላል። ደጊቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ለቅዳሜ ተመልካች የምትሸጠውን ቆሎ ትለቅማለች፤ አንድ ጆሮዋ ግን ወደ ውስጥ ነው።

በፊልሙ ውስጥ ባሕር ዳር የቆመ እስር ቤት አለ። እስረኞቹ ቀኑን ሙሉ የኮኮናት ልጣጭ በእንጨት እየቀጠቀጡ ገመድ ይፈትላሉ። ጎቪንዳን የሚባለው እስረኛ የጓደኞቹን ስም አልናገርም ብሏል።

"አቁመው" አለች ኢንሳፍ።

አቆመው። ስክሪኑ ላይ ነጭ ጨርቅ የተከናነበች ሴት በጎቪንዳን ፊት ቆማለች። ጠረጴዛው ኋላ እንግሊዛዊው መኮንን ተቀምጧል።

"ሚስቱ ናት፤ ሳራዳ" አለች ኢንሳፍ። "ከውጭ መልእክት ታመላልስላቸው ነበር። መኮንኑ፣ ይህችን ሴት ታውቃታለህ ወይ ይለዋል። አውቃታለሁ ካለ አብራው ትታሰራለች።"

"እሱስ ምን አለ?"

እንግሊዝኛውን አነበበችለት። 

"አማርኛው?" አላት።

"አንተ ንገረኝ። የተማርከውን ያህል ይበቃል።"

አጭር ቃል ነበር፤ ገባው። "አላውቃትም" አለ በወፍራሙ።

"ይሄንን ያለ አስተርጓሚ ትችለዋለህ" አለች።

"ምን አላችሁ እናንተ?" አለች ደጊቱ ከደጃፍ።

"ፊልሙን ነው እትዬ" አለች ኢንሳፍ።

"እኔማ ፊልሙን ነው ብዬ ነው" አለች ደጊቱ፤ ቆሎዋን መልቀም ቀጠለች።

አብዱልሀፊዝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኢንሳፍ፣ ላንቺ ብዬ ነው። አለን ብል ኖሮ ከቤት አያስወጡሽም። ስምሽን..."

"እሷን ማን ጠየቃት?" ጣቷን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች። "እያት። ግቢው እስር ቤት መሆኑን አጥታው ነው የመጣችው? ቆርጣ ነው በሩን ያለፈችው። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ብቻውን ወሰነላት። ላንቺ ብዬ ነው ይላል ደግሞ። ለኔ ከሆነ ለምን እኔ አልተጠየቅኩም?"

 መልሱን ሳትጠብቅ ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች።

"እሁድ ከጫግኒ ለጋብቻ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ" አለች ቀስ ብላ። "እህል ነጋዴዎች ናቸው። ልጁ አብራር ይባላል። መጥፎ ሰው አይደለም፤ መጥፎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አባቴ፣ አልፈልግም ካልሽ አላስገድድሽም፣ ግን ምክንያትሽን ንገሪኝ አለኝ። ምን ልበለው? ምንም የለንም ያለ ሰው አለኝ ልበለው?"

"እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"በማን ድምፅ?"

 በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ ላይ ማይኩ ተጋድሟል፤ ሁለቱም አዩት።

"አንድ ነገር ልለምንህ" አለች። "ቅዳሜ አባቴ ከፊት ይቀመጣል፣ እኔም ከጎኑ። እንደ ልማድህ ፊልሙ ውስጥ የራስህን ነገር ሰክተህ እንዳትነግረኝ። ሰው ያጨበጭባል፣ ይስቃል፣ አንተም የተናገርክ ይመስልሃል። እንደዚያ ካደረግህ እሁድ እሺ ነው የምላቸው። ክፈተው፤ ይቀጥል።"

ቀሪውን ሁሉ ያለ አንድ ትርፍ ቃል አነበበችለት። ስትሄድ ሻሿ በነካው የአግዳሚው ጫፍ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቀረ፤ ደጊቱ መብራቱን ላጥፋው ወይ ብላ እስክትጠይቀው ድረስ።

* * *

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የደጊቱ ቤት ጢም ብሎ ሞላ። ከገበያ የተመለሰው ሁሉ ጋሪውን ደጅ አቁሞ ገብቷል። ሐጂ ሙሐመድሰዒድ ነጭ ቆባቸውን እንደደፉ ሲገቡ ሰው ብድግ ብድግ አለ። "ተቀመጡ፤ እኔም እንደናንተው ለማየት ነው የመጣሁት" አሉ፤ መሀረባቸውን አግዳሚው ላይ አንጥፈው ከፊት ተቀመጡ። ኢንሳፍ ከጎናቸው ሆነች።

አብዱልሀፊዝ ማይኩን አነሳ።

"ዘፈኑ መቼ ነው?" አለ ከኋላ ይኸነው የሚባለው ጋሪ ነጂ፣ ፊልሙ ገና ከመጀመሩ።

"እስር ቤት ነው፣ ማን ይዘፍናል?" አለው ሌላው።

"የህንድ ሰው እኮ ቀብር ላይም ይዘፍናል።"

ሳቁ ሐጂ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሰው እየረጋ መጣ። የኮኮናት ልጣጩ ሲቀጠቀጥ፣ የእስረኞቹ መዳፍ ሲደማ፣ አንዱ ሽማግሌ እስረኛ ሥራው ላይ እንዳለ ወድቆ ሲቀር፣ ቆሎ የሚቆረጥም ጥርስ እንኳ ጠፋ። ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። አብዱልሀፊዝ እያንዳንዱን ቃል ኢንሳፍ እንደነገረችው ሳይጨምር ሳይቀንስ አወራ።

የመኮንኑ ቢሮ መጣ። ነጭ የተከናነበችው ሴት ገባች።

"ይህችን ሴት ታውቃታለህ?" አለ አብዱልሀፊዝ በመኮንኑ ድምፅ።

 ፊልሙ የጎቪንዳንን ፊት አቀረበው። ይኸነው ከኋላ "አብዱል፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣልበት እንጂ" አለ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

ቀላል ነበር። አውቃታለሁ ቢል፣ ከአውቶቡሱ ጀምሬ አውቃታለሁ ቢል፣ ቤቱ በጭብጨባ ይነቃነቃል። ቀና አለ። ኢንሳፍ እያየችው ነበር። ከዚያ ከሱቁ ቀን ወዲህ ፊቱን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፤ በዓይኗ ውስጥ ልመናና ማስፈራሪያ አንድ ላይ ተቀምጠዋል።

የጎቪንዳን ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

"አላውቃትም" አለ አብዱልሀፊዝ።

በርሜል ውስጥ እንደሚንከባለል ድንጋይ ሆኖ ወጣ፤ ሱቅ ውስጥ እንደወጣው፤ ያው ራሱ። ቃል የጠበቀ መስሎት ነበር። ግን የኢንሳፍ ፊት ሲለወጥ አየ። ፊልሙን እንዳያዛባ ለመነችው እንጂ ያንን ቃል በዚያው ድምፅ ድጋሚ እንድትሰማው አልለመነችውም። ተነሳች፤ ጎንበስ ብላ በሰው መሀል አልፋ ወጣች። ሐጂ በሩን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፤ "ምን ነካት ደግሞ" ብለው መሀረባቸውን አንስተው ተከተሏት።

ፊልሙ አይጠብቅም። ስክሪኑ ላይ ሳራዳን ወደ በሩ እየወሰዷት ነበር፤ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። የምትለውን አብዱልሀፊዝ በቃሉ ያውቀዋል፤ ኢንሳፍ ያነበበችለት ነው። የሴት ቃል ስለሆነም ወፍራሙን ድምፅ ፈትቶ አስቀመጠ።

"እሱ ባያውቀኝም እኔ አውቀዋለሁ" አለ በቀጭኑ። "ጻፉት። ባሌ ነው።"

ሰው ሁልጊዜ የሚስቅበት ድምፅ ነው። ዛሬ ማንም አልሳቀም። አብዱልሀፊዝ ግን አፈረ። በራሱ ድምፅ ከአፉ የወጣው ትልቁ ቃል የሌላ ሰው ነበር፤ ያውም ከተካደች ሴት የተወሰደ።

ማይኩን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ።

"ወዴት ነው አንተ?" አለች ደጊቱ ቆሎዋን እንደታቀፈች። "መሀል ላይ ነው እኮ።"

"እትዬ፣ መጣሁ" አለ። የፊልሙ ሰዎች ነገራቸው በማይገባው ሰው ፊት በገዛ ቋንቋቸው ማውራታቸውን ቀጠሉ። አብዱልሀፊዝ በሥራ ዘመኑ ፊልም ጥሎ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው፤ በሩ ጋ ሲደርስ ልቡ ከእግሩ ቀድሞ ደጅ ነበር።

* * *

ደጅ ላይ ፀሐይና ካፊያ ተቀላቅሏል። የቆሙት የጋሪ ፈረሶች ጆሯቸውን ያራግፋሉ። ኢንሳፍ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ሐጂ ከፊቷ ሆነው ጎንበስ ብለው ያይዋታል።

"ሙቀቱ ነው? ውኃ ላምጣልሽ?"

"ደኅና ነኝ አባባ።"

"ሐጂ" አለ አብዱልሀፊዝ።

ሐጂ ማን እንደጠራቸው ለማየት በሱ በኩል አልፈው መንገዱን አዩ። ሰው የለም። ተመልሰው እሱን አዩት።

"አንተ ነህ? ይሄ ሴቶቹን የምታወራበት ድምፅ አይደለም እንዴ?"

"የኔ ድምፅ ነው ሐጂ። ያኛው ነው የለበስኩት።"

የኢንሳፍ ጀርባ ቀጥ አለ። አልዞረችም።

"ሱቅ አስጠርተው የጠየቁኝ ጊዜ ምንም የለንም ብዬዎታለሁ" አለ። ድምፁ መሀል ላይ ተሰነጠቀበት፤ አላወፈረውም። "ዋሽቼ ነው። አለን። እወዳታለሁ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ።"

ካፊያው ቆርቆሮው ላይ ይሰማል። ሐጂ መሀረባቸውን ቀስ ብለው አጣጠፉ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ ነበር፤ የቁጣውም ዓይነት ጮሆ የሚያልፈው አልነበረም።

"ያኔም ዓይኔን እያየህ ነው የተናገርከው" አሉ። "ዛሬም ዓይኔን እያየህ ነው። የቱን ልመን?"

"አሁን ጉልበቴ ሊከዳኝ ነው ሐጂ። ያን ጊዜ አልተንቀጠቀጠም ነበር።"

ሐጂ ሳይፈልጉ ወደ ጉልበቱ አዩ። እውነቱን ነው፤ ሱሪው ይንቀጠቀጣል።

"በዋሸኸኝ ቃል አምኜ ነው ልጄን ካንተ ጎን ያስቀመጥኳት" አሉ። "ይሄን የምረሳልህ አይምሰልህ።"

"አይርሱልኝ።"

"በሰው አፍ ነው የምትኖረው። ይሄ ቤት ነገ ይዘጋል፤ ደጊቱም ታውቀዋለች። ያኔ ልጄን በምን ልታኖራት አስበሃል?"

"የአባቴ ጋሪ አለ። በሌላም ሥራ አላፍርም። ግን እንዲህ እናደርጋለን ብዬ ብቻዬን አልነግርዎትም። አንዴ ብቻዬን ወስኜላት ያደረስኩትን አይቻለሁ። እሷ ከፈቀደች ከሷ ጋር ነው የምወስነው።"

ኢንሳፍ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። ከንፈሯን ነክሳ ስለያዘችው ልታለቅስ ይሁን ልትስቅ አያስታውቅም።

ሐጂ ወደሷ ተመለሱ። "ኢንሳፍ፣ አልፈልግም ካልሽ ምክንያትሽን ንገሪኝ ብዬሻለሁ።"

"ነግረኸኛል አባባ።"

"እህ?"

"ምክንያቴ ይኸው፤ እየተንቀጠቀጠ ቆሟል።"

ከውስጥ ፉጨት ተሰማ፤ ይኸነው "ተርጓሚውን ማን በላው?" ሲል፣ ደጊቱ "አፍህን ዝጋና በዓይንህ እይ፣ ዓይን አስተርጓሚ አይፈልግም" ስትለው ደጅ ድረስ ይሰማል። ከወትሮው ቢሆን ሐጂ ይስቁ ነበር።

"የጫግኒ ሰዎች ነገ ይመጣሉ" አሉ በመጨረሻ። "ያን ያህል መንገድ መጥተው በባዶ ሆዳቸው አይመለሱም። ምሳቸውን ይበላሉ፤ ልጄ ሌላ ነገር እንዳላት ከኔ ይሰማሉ። አፍሬ ነው የምነግራቸው፣ ግን እነግራቸዋለሁ።" ጣታቸውን ወደ አብዱልሀፊዝ አነሱ። "አንተ ግን እሺ ተባልኩ ብለህ እንዳታስብ። እሺ አላልኩም። አባትህን ይዘህ ሱቄ ና። ያለ ማይክ። እሰማህና ልቤ የሚለኝን እመልስልሃለሁ። እምቢ ልልህም እችላለሁ።"

"እመጣለሁ ሐጂ።"

"በል አሁን ግባና ጨርስልኝ። ያ ሰውዬ ይፈታ አይፈታ ሳላውቅ እቤቴ አልገባም።" ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ፤ ግን ወደ ኋላ አልዞሩም። "ኢንሳፍ፣ ቦታሽን እይዝልሻለሁ። አትቆዪ።"

በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ልጃቸውን ከሱ ጋር ሆን ብለው ትተዋት እንደገቡ አብዱልሀፊዝ የገባው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ኢንሳፍ ወደሱ ቀረበች። የሹራቡ እጅጌ ጫፍ ተተርትሮ ክር ወጥቶበት ነበር፤ እዚያው ላይ ያዘችው።

"ድገመው" አለች።

"የቱን?"

"ለአባቴ ያልከውን። ለሱ ነው እኮ የነገርከው። ለኔ ገና አልነገርከኝም።"

ከግድግዳው ወዲያ ሁለቱም የማያውቁት ቋንቋ ይፈስሳል። እዚያ ውስጥ የሚበደረው ቃል አልነበረም። ሊላት የሚችለው ያለውን ብቻ ነው፤ ነገራት። ሲነግራት ድምፁ ቀጠነ፣ ተንቀጠቀጠ፣ መጨረሻው ላይ ጭራሽ ጠፋ፤ የጠፋውን ግን ከከንፈሩ አነበበችው።

"ሱቅ ውስጥ ጨርቁን አጣምሜ ቆርጬው ነበር" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "ያን ቀን። አባቴ እስከ ዛሬ ለምን እንደሆነ አያውቅም።"

"ይቅር በይኝ።"

"ገና ነኝ። አልጨረስኩም ተቆጥቼ።"

ከውስጥ ተመልካቹ በእግሩ ወለሉን መምታት ጀመረ።

"ግባ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው" አለችው። እጅጌውን ግን አልለቀቀችውም።